ወሬ ኩፍኝን አይከላከልም

በውሃና በራሽን ሰልፍ ላይ አንድ ወሬ ይዞራል፤ «የኩፍኝ ክትባት የፈረንጅ ተንኮል ነው፤ ልጅ ያመክናል» ይባላል። ዝም ብለን አናልፈውም።

ለመሆኑ ክትባት ለኛ ባዕድ ነውን? አባቶቻችን በጎጃምም በሌላውም ከፈንጣጣ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ እየበጡ ይከትቡ አልነበረምን? ያ ዘዴ በሽታውን ራሱን ሊያዛምት የሚችል አደገኛ ነበር። የዛሬው ያንኑ ሐሳብ አሻሻለው እንጂ ከሰማይ አልወረደም።

«ሳልታመም ምን አስቸኮለኝ?» ለሚሉም መልስ አለን። በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ የሆስፒታል ወጥ ሠሪ የነበረው አሊ ማኦ ማሊን የመርፌውን ሕመም ፈርቶ ክትባት ሸሸ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሁለት ሕመምተኛ ልጆችን በመኪና ለጥቂት ደቂቃ ቢሸኝ ፈንጣጣ ያዘው፤ በሽታው በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ሆነ። እሱ ዳነ። በኋላም በ2013 እስኪሞት ድረስ ወላጆችን ለፖሊዮ ክትባት ሲቀሰቅስ ኖረ።

ጎጆ ከጎጆ በተጣበቀበት ካምፕ ኩፍኝ በትንፋሽ ይሄዳል። አንድ ሕመምተኛ ካልተከተቡት መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። እንግዲህ «የልጄ ጉዳይ የራሴ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? የጎረቤት ሕፃን ትንፋሽስ የማን ነው?

ከታቾችም ይስሙን፤ ሳያስረዱ ልጅን ከእናቱ ጉያ መንጠቅ ወሬውን ያደልበዋል። እናት ትጠይቅ፤ በቋንቋዋ ይመለስላት። መልሱን ከሰማች በኋላ ግን ልጇን አዝላ ትሰለፍ!