ጎርፉ የጋራ፣ ስብሰባው የየብቻ

የተበታተነ ስብሰባ የሚጠቅመው ማንን ነው? ይህን ጥያቄ የምናነሣው በኦሃዮ፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ ከሳዮቶ ወንዝ በስተምዕራብ ያለችውን ፍራንክሊንተንን ተመልክተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ሉካስ ሱሊቫንት የቆረቆራት ይህች ሰፈር ኮሎምበስን በዕድሜ ትበልጣለች። መሬቷ ረባዳ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1913 በከተማይቱ ከ90 ሰው በላይ የፈጀው ጎርፍ ክንዱን ያሳረፈው በዚሁ ወገን ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው የጎርፍ መከላከያ ግንብ በ2004 ሲፈጸም፣ የውኃ ሥጋት ዋጋውን አውርዶት የኖረው መሬት ተፈላጊ ሆነ። ውኃው ተገታ፤ ገንዘቡ ግን ጎረፈ። ዛሬ የሚጠየቀው፣ በጎርፉ ዘመን የጸናው ድኻ ነዋሪ በግንቡ ዘመን ይቀራል ወይስ ይነቀላል የሚለው ነው።

ሰፈሪቱ ድርጅት አላጣችም። የአካባቢ ኮሚሽን አላት፤ የነጋዴዎች ማኅበር አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ችግረኛውን የሚረዳው ግላደን የማኅበረሰብ ቤትም አላት። ኮሚሽኑ የከተማውን ምክር ቤት ያማክራል እንጂ አይወስንም። የአማካሪ ቃል የሚከብደው ከበስተኋላው በቆመው ሕዝብ ብዛት ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነች ተከራይ በወር ሦስት ስብሰባ ልትገኝ አትችልም፤ የባለሀብቱ ጠበቃ ግን መሰብሰብ ደመወዙ ነውና ከአንዱም አይቀርም። እንግዲህ በየፊናው መሰብሰብ የማን መሣሪያ እንደሚሆን ግልጽ ነው።

«ታዲያ ሁሉም ፈርሶ አንድ ድርጅት ይሁን» የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን ነዋሪ በቀበሌ አደራጀ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶችን አስተዳደርና የቦታና የቤት ክርክር ዳኝነትን ሰጠው። ተስፋው ታላቅ ነበር። ነገር ግን ከላይ የተሰጠ አንድነት ከላይ ይታዘዛል፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለስንቱ ወጣት እስር ቤት ሆነ። ያን ሁሉ አልፎ የኖረው እድር ነው። እድር በአባላቱ መዋጮ ይቆማል፤ ዳኛውን ራሱ ይመርጣል፤ ከባድ ጉዳይ ሲመጣም ከጎረቤቱ እድር ጋር ይመክራል።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ ማኅበራት ነጻነታቸውን ጠብቀው ይቀናጁ። የስብሰባ ቀኖቻቸውን በአንድ የጋራ መቁጠሪያ ያውጡ፤ ቃለ ጉባኤ ይለዋወጡ፤ ተጠሪ የሚሆን ሰው ይላላኩ፤ ተጠሪውንም የላከው ማኅበር በፈለገ ጊዜ ያንሳው። የቤት ኪራይና የመሬት ጉዳይ ሲነሣ ሠራተኛው በሚመቸው ሰዓት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በአንድ አዳራሽ ይመከርበት።

በስደት ያላችሁ ተማሪዎች ሆይ! እድሩ፣ ሰንበቴውና የተማሪው ማኅበር በአንድ እሑድ፣ በአንድ ሰዓት፣ በሦስት አዳራሽ ሕዝቡን እንዳይሻሙት ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል ድሩ ሁሉ አንድ ገመድ ይሁን አይልም፤ ያብር ነው የሚለው።