የተሰነጠቀ ካርተር በሙጫ አይታመንም

ወንድሞቼ፣ በካርቱም ጋራዦች አብረን ያረጀን የሙያ ሰዎች፣ ስሙኝ። ልጆቹ «ኡስታ» እያሉ የሚከተሉን እጃችንን አይተው ሊማሩ ነው፤ እጃችን ምን እያስተማረ እንደሆነ እንመርምር።

የረክሻ ወይም የአምጃድ ካርተር ተሰንጥቆ ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ ሙጫ ቀብቶ «ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ እየሞላህ ንዳ» ብሎ መሸኘት ልማድ ሆኗል። ይህ ልማድ ሰው ያስጨርሳል። ትንሽ ሞተር የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ጧት ጠብታ የነበረው ቀትር ላይ ይንዠቀዠቃል። የሀቡብ አቧራ እርጥቡ ላይ ተለጥፎ ስንጥቁን ይደብቃል፣ ባለቤቱም ማፍሰሱ የቆመ ይመስለዋል። ዘይቱ የጋለ ማርሚታ ላይ ካረፈ እሳት ያስነሳል፤ የኋላ ጎማ ላይ ካረፈ ያንሸራትታል። ሙጫውም ዘይት በጠጣ አሉሚኒየም ላይ አይጸናም፤ ሞተሩ ሲግል እየሰፋ፣ ሲበርድ እየጠበበ ይልጠዋል።

መጀመሪያ በቤንዚን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የሚያፈሰውን ቦታ ለዩ፤ ጥፋቱ የፓራኦሊዮ ወይም የጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ስንጥቅ ከሆነ ዘይቱን አፍስሱ፣ ሞተሩን ፍቱ። ስንጥቁ እንዳይሮጥ ጫፍና ጫፉን በቀጭን መብሻ ብሱ፣ መስመሩን ቦርቡሩት፣ አጽዱት፣ ከዚያ በአርጎን ይበየድ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የሸፈነው ዝገት ግን ከ2000 በላይ ይፈልጋል። ሳያጸዳ እሳት የሚያስጠጋ ሰው ስንጥቁን ቀዳዳ ያደርገዋል። ስንጥቁ የኩሽኔታ መቀመጫ ከነካ ካርተሩ ይለወጥ። የሰነጠቀው የላላ የሞተር ማሰሪያ ወይም ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን ከሆነም እሱ ሳይስተካከል ሞተሩ አይገጠም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ የሱዳን ጦርነት ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ማንም ቀጠሮ አልተሰጠውም። ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን በገዳሪፍ አድርገው ወደ መተማ የወጡበት መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። «ለዛሬ ይበቃል» የተባለ ጥገና እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ባለቤቱን መንገድ ላይ ይጥለዋል።

ስለዚህ የተሰነጠቀውን ወይ በወጉ አስበይዱ፣ ወይ ለውጡ። ሁለቱንም ካልቻላችሁ እውነቱን ለባለቤቱ ንገሩትና መኪናውን ከበር አታስወጡ። ሙጫ ቀብቶ የጥገና ዋጋ መቀበል ሌብነት ነው፤ ልጆቹንም ይህን አናስተምር።