ከማሳደጊያ ቤት ስለሚወጡ ወጣቶች

ወላጅ የሌለውን ልጅ አንሥቶ ማሳደግ ታላቅ ምግባር እንደ ሆነ በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በመንገድ ዳር ተጥሎ ሲገኝ ያየው ሁሉ ያዝናል፤ ፖሊስም ተቀብሎ ወደ ማሳደጊያ ቤት ያደርሰዋል፤ በበዓል ቀንም ዳቦና ልብስ ይዞ የሚጎበኘው አይጠፋም። ነገር ግን ያው ሕፃን አድጎ ጢም ባበቀለ ጊዜ ከማሳደጊያው በር ወጥቶ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ለማሳሰብ የፈለግነው ስለዚሁ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን እንዳላደረሰ ይቈጥረዋል፤ 18 ሲሞላውም የአሳዳሪውና የሞግዚቱ ሥልጣን ይቀራል። ሕጉ ይህን መደንገጉ ሰውየው በራሱ ስም እንዲዋዋልና ሀብቱን እንዲያስተዳድር ነው እንጂ ከቤቱ እንዲወጣ አይደለም። በማሳደጊያ ቤቶች ግን ይኸው ቍጥር ብዙ ጊዜ የስንብት ቀን ሆኖ ይገኛል። በአባቱና በእናቱ ቤት ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሞላህና ውጣ ሲባል ያየ ማን ነው? ሥራ እስኪያገኝ ወይም ትዳር እስኪይዝ ከወላጆቹ ጋራ ይቀመጣል፤ ከወጣም በኋላ ቢታመም ወይም ቢከፋው የሚመለስበት ደጅ አለው። በማሳደጊያ ያደገው ግን በወጣ ማግሥት ያደገበትን ግቢ ዘበኛውን ሳያስፈቅድ አይገባበትም።

ከዚህም በላይ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የልደቱ ቀን አይታወቅምና ዕድሜው የሚጻፈው በግምት ነው። ገማቹ በሁለት ዓመት ቢሳሳት፥ ልጁ ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በመዝገቡ ላይ ዐዋቂ ሆኖ ይገኛል። የአንድ ሰው ኑሮ በጸሐፊ ግምት እንዲህ ሲቈረጥ ማየት የሚያሳዝን ነው።

የሚደርስበትን ችግር ብንመረምር ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ ማነስ አይመስለንም፤ ዋስ ማጣት ነው። በአገራችን ለገንዘብ ያዥነት፥ ለዕቃ ቤት ጠባቂነት፥ ለሾፌርነት፥ ለቤት ሠራተኛነትም ቢሆን የሚቀጥር ሰው አስቀድሞ ተያዥ አምጣ ይላል። ቤት የሚያከራየውም ማን ያውቅሃል ብሎ ይጠይቃል። አጎት ወይም የአባት ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ጉዳይ በአንድ ቀን ይፈጽመዋል። የማሳደጊያው ልጅ የሚያውቃቸው ሰዎች ግን ወይ እንደ እርሱ የወጡ ጓደኞቹ ናቸው፥ ወይ ደመወዛቸው ለዋስትና የማይበቃ የማሳደጊያው ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ በእጁ ሙያ ቢኖረው እንኳ ሙያው ሳይመዘን ከበር ይመለሳል። አናጢነት ተምሮ ሸክም የሚሸከመው ስለ ስንፍናው አይደለም።

ደግሞም ለብዙ ሰው በአንድ ድስት በተሠራ ወጥ ያደገች ልጅ፥ የጨውና የዘይትን ዋጋ ሳታውቅ፥ ገበያ ወጥታ ሳትከራከር፥ በድንገት የራስሽ እመቤት ሁኚ ትባላለች። ይህን ከመውጣትዋ ሁለት ሦስት ዓመት አስቀድሞ ማስተማር ብዙ ወጪ የለበትም።

የማሳደጊያ ሹማምንት ቦታው ለሚመጡት ሕፃናት ያስፈልጋል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኛም አልጋውን ይዞ ይኑር አላልንም። አልጋ መልቀቅና ቤተሰብ ማጣት ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በእንግሊዝ አገር በአደራ ቤተሰብ ያደገ ወጣት፥ እርሱም አሳዳጊዎቹም ከፈቀዱ፥ እስከ 21 ዓመቱ በዚያው ቤት እንዲቀመጥ የሚረዳ ሕግ በ2006 ዓ.ም. ወጥቷል። የአሜሪካ መንግሥትም በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ወጣቶቹን እስከ 21 ዓመት ለሚይዙ ግዛቶቹ ገንዘብ ይረዳል። እነዚያ ሀብታሞች ናቸው ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን አሁን የምንለምነው ከገንዘብ ይልቅ ፊርማ ነው።

ልጆችን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ ወዲህ የማሳደጉ ዕዳ በሙሉ የእኛው ሆኗል። ስለዚህ ልጁን ያሳደገው መሥሪያ ቤት ቢያንስ ለሦስት ዓመት በማኅተሙ ተያዥ ይሁነው። ከወጣቶቹ አንዳንዱ አደራውን ቢበላ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፤ አባትም ለልጁ እንዲሁ ሲከፍል ኖሯል።

የቀረው የካህናትና የእድር ዳኞች ድርሻ ነው። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ክብርት ወይዘሮ አበበች ጎበና በድርቁ ዘመን ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ገዛ ቤታቸው ገቡ፤ ያ ትልቅ ማሳደጊያ የተጀመረው ከዚያ ነው። እንደ እርሳቸው ሁሉን ለመተው የሚችል ጥቂት ነው፤ ለአንድ ወጣት ዘመድ ለመሆን የሚችል ግን በየአጥቢያው አለ። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ሁሉ ያውቃልና የትኛው ቤተሰብ ለዚህ እንደሚስማማ ከእርሱ የተሻለ የሚመርጥ አይገኝም። የማሳደጊያ ቤቶች በሚመጣው ዓመት የሚሰናበቱትን ልጆች ቍጥር አስቀድመው ለየሰበካ ጉባኤውና ለየእድሩ ቢያስታውቁ፥ ወጣቱ ሳይወጣ ከቤተሰቡ ጋራ ለመተዋወቅ ጊዜ ያገኛል፤ በፋሲካም ቀን የሚጠራበት ቤት አስቀድሞ ይታወቃል።