ውሮ ከጎታው ጀርባ ስትገባ

ባለፈው ወር ስለ ልጆች ምሳ ዕቃ ነበር የተጨዋወትነው። በዚህ ወር የማጫውታችሁ ስለ ድመት ምጥ ነው። አትሳቁብኝ። እኔም ብሆን ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ርዕስ ባይ ገጹን ገልብጬ ወደ ምግብ አዘገጃጀቱ ነበር የማልፈው። ድመት ጥግ ፈልጋ ትወልዳለች፣ እኛ ጠዋት ተነስተን ልጆቿን እንቆጥራለን፤ ሌላ ምን አለው?

ቤታችን ፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ሚሚ ያለቻት ግራጫ ድመት ነበረችን። ሆዷ ሲገፋ ደስ አለን፤ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ፎጣ አነጠፍንላት፤ ዝግጅታችን በዚሁ አበቃ። አንድ ቅዳሜ ማታ አልጋ ሥር ገብታ ማቃሰት ጀመረች። ጎንበስ ብዬ ሳያት ሆዷ ጥብቅ ላላ እያለ ታምጣለች። ባለቤቴ «ተያት፣ ተፈጥሮ ያስተምራታል» አለ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር እሺ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ቀድማ የተነሳችው ልጄ ናት። አንድ ግልገል ግማሽ አካሉ እንደወጣ ቀርቶ፣ እናትም ልጅም ሞተዋል።

ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። «ለምን ሐኪም ቤት አልወሰድናትም?» ስትለኝ «የድመት ሐኪም የለም» አልኳት። ውሸቴን ነው። የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ከቤታችን በእግር ይኬዳል። ያላወቅነው ክሊኒኩን ሳይሆን ሰዓቱን ነው፤ መቼ መተኛት፣ መቼ መሮጥ እንዳለብን።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ቡሬ ስለሆነ ለሥራ ወደዚያ እመላለሳለሁ፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ማንኩሳን አለፍ ብዬ ወደ ገጠሩ እገባና አያቴ ዘንድ አድራለሁ። በዚያ አገር ድመት ጌጥ ሳትሆን ሠራተኛ ናት። በቆሎው፣ ጤፉና በርበሬው ቤት ከገባ በኋላ ገበሬው የሚፈራው ነቀዝና አይጥን ነው፤ ለነቀዙ መድኃኒት ይገዛል፣ ለአይጧ ውሮ አለች። (የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ጎረቤት ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ መርዝ የበላች አይጥ የምትበላ ድመትም ትመረዛለች።) አያቴ፣ እምዬ ነው የምንላት፣ በዕድሜዋ ያሳደገቻቸውን ድመቶች ሁሉ «ውሮ» እያለች ነው የጠራቻቸው። ስም ማውጣት የከተማ ሰው ሥራ ነው ብላ ታምናለች።

ዓምና ጥር ላይ ነው። እምዬ ቡና እየቆላች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ዛሬ ሌሊት፣ ካልሆነም ነገ ትወልዳለች» አለች። በምን አወቅሽ አልኳት።

«ከትናንት ወዲህ ጎታውን ዞር ብላ አላየችው። ወተት ባቀርብላት አሽትታ ተወችው። ሌሊቱን ጋቢዬን ስትቧጥጥ አድራ፣ አሁን ደግሞ እግር እግሬን ትከተለኛለች። ሌላ ምን ትበልሽ?»

እኔ ከሚሚ በኋላ ብዙ አንብቤ ነበርና ስልኬን አውጥቼ ስለ ሰውነት ሙቀት ልነግራት ስጀምር ሳቋን ለቀቀችው። «አንች ደግሞ! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!»

እምዬ የቆጠረቻቸው ምልክቶች ግን እኔ ካነበብኳቸው ጋር አንድ ናቸው። የድመት እርግዝና ዘጠኝ ሳምንት ገደማ፣ ብዙውን ጊዜ ከ63 እስከ 67 ቀን ነው። ከወንዱ ጋር የታየችበትን ቀን ግድግዳው ካላንደር ላይ ምልክት ያደረገ ቤተሰብ የሥራውን ግማሽ ጨርሷል። በመጨረሻው ሳምንት ጡቶቿ ይሞላሉ፣ ጫፋቸው ይቀላል፤ እንገሩም ከመውለዷ ቀደም ብሎ ጠብ ሊል ይችላል። ጨለማ ቦታ ማሰስ ትጀምራለች፦ ቁም ሣጥን፣ አልጋ ሥር፣ የሚታጠብ ልብስ ቅርጫት፤ ገጠር ከሆነ የጎታው ጀርባ። በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት ብዙዎቹ ምግብ ይተዋሉ። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ከጅራቷ ሥር ደጋግማ ትልሳለች፤ አንዳንዷ ታለከልካለች። ያ ጭናችን ላይ ስትተኛ የምንሰማው፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የሚንተከተከው ድምፅ በምጥ ጊዜም ይሰማል፤ ስለዚህ እሱን ሰምታችሁ «ተመችቷታል» ብላችሁ አትደምድሙ። ቤተኛዋ ድመት ከጭናችሁ አልወርድም ትላለች፤ ኮስታራዋ ደግሞ ድራሿ ይጠፋል። ማየት ያለባችሁ ጠባይዋ ከትናንት የተለየ መሆኑን ነው፤ ለዚህም የትናንቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሙቀቱን ነገር እምዬ ብትስቅበትም እውነት ነው። ጤነኛ ድመት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ትሞቃለች፤ ከመውለዷ በፊት ባለው ቀን ከ37.8 በታች ልትወርድ ትችላለች። እኔ ግን አልመክራችሁም። የሚለካው በፊንጢጣ ነው፤ በጭንቅ ላይ ያለች ድመት ደግሞ ጥፍርም ጥርስም አላት።

የምጡ መጀመሪያ በዓይን አይታይም። ማህፀኗ እየተከፈተ ነው፤ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ በተለይ የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነ። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋት ውሃ፣ ጨለማና ሰላም ነው።

እኔ ሰላም ነሳኋት። ሚሚን ተኝቼ የገደልኩ ስለመሰለኝ በዚያች ሌሊት ላለመተኛት ምያለሁ። ውሮ ከጎታው ጀርባ ገብታ የመጀመሪያውን ግልገል ከወለደች በኋላ ቦታው አላማረኝም፤ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ አሮጌ ጆንያ። ከከተማ ይዤ የመጣሁት ንጹሕ ካርቶን ነበረኝ። እሷንም ልጇንም ከነጆንያው አንስቼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩና በሩ አጠገብ፣ መብራት ሥር አስቀመጥኳቸው። ምጡ ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ምንም የለም። ሚሚ ፊቴ ላይ መጣችብኝ፤ እምዬን ቀሰቀስኳት።

ተነስታ አየችና «ቤቷን አፍርሰሽባት ትውለድልሽ እንዴ?» አለችኝ። ካርቶኑን ወደ ጎታው ጀርባ መለሰችው፣ መብራቱን አጠፋችው፣ ተመልሳ ተኛች። ውሮ ልጇን አጠባች፣ ውሃ ጠጣች፣ አሸለበች። ሊነጋጋ ሲል ሁለተኛው መጣ፤ ፀሐይ ስትወጣ አራት ሆነዋል።

ይህ መቆም በድመት ዘንድ የታወቀ ነው። የተረበሸች እናት ምጧን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀን ያህል ገታ አድርጋ ልትቀጥል ትችላለች። ታዲያ ከሚሚ ሌሊት በምን ይለያል? ውሮ ስታቆም አታምጥም ነበር። ተረጋግታለች፣ ታጠባለች፣ ትጠጣለች። ሚሚ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳታርፍ አምጣለች፣ የወጣም ነገር አልነበረም። ሆዷ ጥብቅ እያለ በኃይል እያማጠች 20 ደቂቃ ካለፈና ግልገል ካልታየ ስልክ የሚደወልበት ሰዓት ነው። ግልገሉ ብቅ ብሎ 10 ደቂቃ ከቀረ አትጠብቁ። ከመጀመሪያው ልጅ በፊት ጥቁር አረንጓዴ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካያችሁ፣ ደማቅ ቀይ ደም አላቋርጥ ካለ፣ ወይም ድመቷ ዝላ አንገቷን መያዝ ካቃታት፣ ጋቢ ውስጥ ጠቅልላችሁ ሂዱ።

ደህና ሲሄድ ደግሞ ለዓይን ሳይበቃ ያልቃል። ግልገሉ በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ይመጣል፤ እናቱ በምላሷ ትቀደዋለች፣ እትብቱን በጥርሷ ትቆርጣለች፣ እንግዴ ልጁን ትበላዋለች። ልጆቻችሁ «ውይ!» ይላሉ፣ ይበሉ። ለእያንዳንዱ ግልገል አንድ እንግዴ ልጅ ስላለ መቁጠሩ አይከፋም። በኋላ እግሩና በጅራቱ የሚመጣም ብዙ ነው፤ ይህ ብቻውን ችግር አይደለም። በሁለት ግልገሎች መካከል ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ማለፉ የተለመደ ነው። ከረጢቱን ሳትቀድ ከቀረች ግን ዝም አትበሉ፤ እጃችሁን ታጥባችሁ አፍንጫው ላይ ያለውን ቅደዱና በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ እሽት እሽት አድርጉት፣ እስኪጮህ። ግልገሉ ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ማለት። የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል ብርድ ይገድለዋል፤ የደጋ ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አታድርጉ የምላችሁ ጥቂት ነው። የታሰረን ግልገል አትጎትቱ። አሳዘነችኝ ብላችሁ ፓናዶል አትስጧት፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ በጥቂቱም ቢሆን። «ማማጫ መርፌ ውጓት» የሚል መካሪም አይጠፋም፤ መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ መርፌው ማህፀን ሊቀድ ስለሚችል ሳትመረመር አይሰጥ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ የድመቷን አሸዋ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከዓይነ ምድሯ ሊተላለፍ ይችላል፤ በየቀኑ መጠረጉ የሚጠቅመው ተውሳኩ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ ነው። ጥሬ ሥጋም ያስተላልፈዋልና ድመቷን አባርራችሁ ክትፎውን እንዳትቀጥሉ።

የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ዛሬውኑ ያዙ። የወረዳው ክሊኒክ የበለጠ የለመደው ላምና በሬ ቢሆንም የምጥ ነገር ለሐኪሙ እንግዳ አይደለም። እኔ ባለፈው ወር ሄጄ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ሳቀ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ሰጠኝ፣ «በሌሊትም ደውይ» አለኝ።

ለምን ባለፈው ወር? ከውሮ አራት ልጆች አንዷ ጡት ከተወች በኋላ እኛ ቤት ገብታለች፤ አሁን 58ኛ ቀኗን ይዛለች። ከዚህ ወሊድ በኋላ ልናስመክናት አስበናል፤ ድመት ገና እያጠባች እንደገና ልታረግዝ እንደምትችል እምዬ ሳትነግረኝ ቀርታ አይደለም፣ እኔ ሳልሰማ ቀርቼ ነው።

ልጄ ሰባት ዓመት ሆናታለች። እኛ ቤት ስለመጣችው ድመት እርግዝና የነገርኳት ቀን የሚሚንም ነገር አወጣሁላት። ሐኪም እንደነበረ፣ እኛ እንደተኛን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀት አምጥታ የሐኪሙን ስልክ በራሷ ጽሕፈት ጻፈችና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «20 ደቂቃ» የሚል አለበት፤ ከጎኑ ደግሞ «እማማ እንዳትተኚ»።