ደብዳቤው ከቤት አልወጣም

ኮምፒዩተር ላይ «ላክ» የሚለውን መጫንና ኢሜይሉ መሄዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰቆጣ ያሉ አያት፣ የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ማመልከቻ የጠየቃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ስካን አስደርገው «ላክሁት» ብለው እፎይ ይላሉ። ልጁ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ይጠብቃል፤ የማመልከቻው ቀን ያልፋል። አያት «ደርሶት ዝም አለኝ»፣ ልጅም «ረሱኝ» ይላል። ወረቀቱ ግን «አውትቦክስ» በሚባለው ሳጥን ውስጥ ነው።

ስለዚህ አስቀድመው ደብዳቤው የት እንዳለ ይዩ። «ሴንት» ውስጥ ከገባ ወጥቷል። «አውትቦክስ» ውስጥ ካለ ወረፋ ይዟል፤ «ድራፍት» ውስጥ ካለ ጭራሽ አልተላከም። «ሜይለር ዴሞን» ከሚባል ላኪ በእንግሊዝኛ መልስ ከመጣልዎ አይሰርዙት፤ ደብዳቤው ለምን እንደተመለሰ የሚነግርዎ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ ነው።

በዋግ ኽምራ ግን ሰው የማይጠረጥረው ጥፋተኛ የኮምፒዩተሩ ሰዓት ነው። በጦርነቱ ጊዜ አካባቢው ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይቷል። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ኃይል ሲያጣ ቀኑን የምትይዝለት ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። እሷ ካለቀች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ደብዳቤዎን የሚቀበለው የጂሜይል ማሽን ደግሞ መታወቂያ ያሳያል፤ መታወቂያው የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የእርስዎ ኮምፒዩተር ዛሬን ከአሥር ዓመት በፊት ካደረገው፣ መታወቂያው ገና ያልተሰጠ ይሆንበታልና አልገናኝም ይላል።

ባትሪዋ ደህና ሆና ቀኑን እኛው የምናበላሽበትም ጊዜ አለ። ፕሮግራሙ የሚፈልገው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ በእኛው 2018 ብለው ከሞሉለት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ለእሱ ከሰዓት በኋላ 2 ነው። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልል ሲመርጡ አዲስ አበባን ካጡ ናይሮቢን ይውሰዱ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

«የሰው ይደርሰኛል፣ የኔ ብቻ አይሄድም» የሚሉ አሉ። እንደ አውትሉክ ባለ ፕሮግራም የሚጽፉ ከሆነ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመግቢያውና የመውጫው በር የተለያየ ነው። የወጪው በር ቁጥር 25 ከሆነ በብዙ ቦታ ስለሚዘጋ በ587 ይቀይሩት፤ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅም ያድርጉ። ጉግል ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ወዲህ ለአሮጌ ፕሮግራሞች የተለመደውን የይለፍ ቃል አይቀበልም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍተው ባለ 16 ፊደል ልዩ የይለፍ ቃል ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ የሚያደክም ከሆነ ፕሮግራሙን ትተው ጂሜይልን በቀጥታ በብራውዘር ይክፈቱ፤ እኔ ለአያቶች የምመክረው ይህንኑ ነው። የይለፍ ቃሉን ለጥገና ቤት ልጅ ጽፎ መስጠት ግን የቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው፤ እርስዎ ራስዎ ይጻፉት።

የጂሜይል ወሰን 25 ሜጋባይት ነው። በስልክ የተነሱ ስድስት ሰባት ፎቶዎች ሊሞሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት እያደረጉ ይላኩ። አንድ ከባድ ደብዳቤ አውትቦክስ በር ላይ ከተቀረቀረ ከኋላው ያሉትንም ያግዳል።

ሌላም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበረው ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ፣ በፕሮግራሙ የጻፉት ሁሉ ይጠራቀምና መስመሩ ሲመለስ ሳይጠይቅዎ ባንዴ ይወጣል። «አባትህ ታሟል፣ ቶሎ ደውል» የሚለው ደብዳቤ አባት ድነው ከብት ማገድ በጀመሩ በወሩ ይደርሳል። መስመሩ ከመመለሱ በፊት አውትቦክሱን ከፍተው ጊዜ ያለፈበትን ይሰርዙ።