ከውጤቱ በፊት ስለ ቁልፉ ጠይቁ

ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የሽጉጥ ተኩስ ውድድር መጀመሩን ሲነግራት፣ የእህቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» የሚል ነበር። አልፈርድባትም። በእኛ ቤት መሣሪያ ሲነሣ ትዝ የሚለን ጠላት ወይም አደን ነው። የቅዳሜ መዝናኛ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ልጆቻችሁ አሜሪካ ያሉ አንባብያን ተመሳሳይ ስጋት ሊኖራችሁ ስለሚችል፣ ባለፈው ዓመት እዚያ ሄጄ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ስፖርቱ «ፕራክቲካል ሹቲንግ» ይባላል። ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽኑ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ተመሠረተ። ተወዳዳሪው እንደ ኦሊምፒኩ የሽጉጥ ውድድር አንድ ቦታ ቆሞ አይተኩስም፤ ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሰ የካርቶንና የብረት ዒላማዎችን ይመታል። ያገኘው ነጥብ በፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል። የካርቶኑን መሃል መምታት 5 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ዒላማውን መሳት 10 ነጥብ ያስቀንሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረታችን እዚህም ይሠራል።

ለጀማሪ ደግሞ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ይስማማዋል። መጀመሪያ ምንም ሳይገዙ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጎ ውድድር ማየት ነው። ቀጥሎ ክለቡ የሚሰጠውን የደህንነት ሥልጠና መውሰድ። ጠንካራ ቀበቶ፣ ምላጩን የሚሸፍን አፎትና ትርፍ የጥይት ካዝናዎች መግዛት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ጥይት ሊተኮስ ስለሚችል ወጪው ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች «ስቲል ቻሌንጅ» በተባለው፣ በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ቆመው የብረት ዒላማ በሚመቱበት ውድድር ይጀምራሉ። እዚያ ጥይቱ ርካሽ በሆነው ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ መወዳደር ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው መሣሪያ መያዝ በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ ለእስርና ከአገር ለመባረር ሊያበቃ ይችላል። ልጅ ለመጠየቅ የሄድን ወላጆችም «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ማለት የለብንም።

ሜዳው ላይ ያየሁት ሥርዓት አስደንቆኛል። ሽጉጥ ሁሉ ባዶ ሆኖ በአፎቱ ይቀመጣል፤ ዳኛው ሳያዝ ማንም ጥይት አያጎርስም። ካልተኮሱ በስተቀር ጣት ምላጭ ላይ አያርፍም። አፈሙዙ ወደ ኋላ የዞረበት ወይም በውድድር መሃል ሽጉጡ ከእጁ የወደቀበት ሰው በዚያው ቀን ይሰናበታል። እኔ ባለሁበት ቀን አንድ ጎልማሳ፣ አንዲት ጥይት ያለ ቦታዋ ሳትተኮስ፣ አፈሙዙ ስለዞረ ብቻ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። አልተከራከረም፤ ማንምም አልሳቀበትም።

እንግዲህ ሜዳው ዳኛ አለው። ቤቱስ? ቤት ውስጥ ዳኛ የለም። የእህቴ ልጅ የአራት ዓመት ሕፃን አለው። ድሮ የአያቶቻችን ጠመንጃ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይውል ነበር፤ እኛንም የሚጠብቀን ግሣጼ ብቻ ነበር። ሕፃን ግን ግሣጼ ይረሳል፤ መሳቢያ መክፈትም ይወዳል። ስለዚህ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ስለ አቀማመጡ ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የሚኖሩበትን ማወቅ ግድ ነው። በቤቱ ውስጥ በከባድ ሐዘን ወይም በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ካለም፣ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ቢወጣ ይሻላል።

ብዙዎቻችን አራስ ልንጠይቅ፣ የልጅ ልጅ ልናሳድግ ባሕር ተሻግረን ወራት እንቀመጣለን። ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ ከሕፃኑ ጋር የምንውለው እኛ ነን። ስለዚህ መጠየቅ መብታችን ነው፦ ሽጉጡ የት ነው የሚቆለፈው? ጥይቱስ? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? እኔ ስጠይቅ የእህቴ ልጅ አልተቀየመም። «ጋሼ፣ ና እይ» ብሎ የተቆለፈውን ሣጥን አሳየኝ። ቁልፉ ከእሱ ኪስ አይወጣም።

ልጃችሁ ደውሎ ስለ አዲሱ ስፖርቱ ሲያወራ አትቆጡ፤ ከተቆጣችሁ ቀጣዩን አይነግራችሁም። «በርታ» በሉት፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት ግን ስለ ቁልፉ ጠይቁ። መልሱ እየተንተባተበ ከመጣ፣ ሣጥኑ እስኪገዛ ድረስ በየስልኩ ጠይቁ።