ጥፋቱን በፍል ውሃ ላይ አናላክክ

ስለ ሜርኩሪ ብክለት በተነሣ ቁጥር «ተፈጥሮም እኮ ትለቀዋለች» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። ስንት እንደምትለቅ ግን አብሮ ሊነግረን ይገባል።

በታይዋን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በጉዌይሻን ደሴት አጠገብ፣ ብዙም በማይጠልቅ ባሕር ሥር ድኝ የሚተፋ ፍል ውሃ አለ። ከአሲዱና ከድኙ ጋር ሜርኩሪም ይወጣል። በዚያ አንድ ትንሽ ሸርጣን ይኖራል። የባሕሩ ሞገድ ጋብ እስኪል ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አድፍጦ ይቆያል፤ ውሃው ሲረጋ በመንጋ ወጥቶ፣ መርዙ የፈጃቸውንና እንደ ካፊያ ከላይ የሚወርዱትን ጥቃቅን ፍጥረታት ይለቅማል። ሌላው የሚሞትበት ቦታ ለእሱ ቀለብ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። በአዞሬስ ደሴቶች አካባቢ ጥልቅ ፍል ውሃ ዳር የሚኖሩ ዛጎል ለበሶችም ሜርኩሪውን በአካላቸው ያከማቻሉ።

እንግዲህ ፍል ውሃው ጎረቤቶቹን ይነካል። የዓለምን ባሕር ግን እሱ አልበከለውም። ቀድሞ የነበሩት ግምቶች የውቅያኖስ ፍል ውሃዎች በዓመት ከ20 እስከ 2,000 ቶን ሜርኩሪ ይለቃሉ ይሉ ነበር። በዚህን ያህል ስፋት የሚዋልል ቁጥር ለማንም ሰበብ ይመቻል። በኋላ ተመራማሪዎች አትላንቲክ መካከል ባለውና ታግ በሚባለው ፍል ውሃ ለኩ። 3,600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ከ360 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ጥቁር ውሃ የሚወጣበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ውጤታቸው በውቅያኖስ መካከል ከተዘረጉት የተራራ ሰንሰለቶች የሚወጣውን በዓመት ከ1.5 እስከ 65 ቶን አወረደው። የሰው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አየር የለቀቀው ግን፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት፣ 2,220 ቶን ገደማ ነው።

ወደ ባሕር የወረደውን ሜርኩሪ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ከፕላንክተን ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ቱና እያለ ይከማቻል፤ የፅንስን አንጎልም ይጎዳል። በሱቆቻችን የቱና ቆርቆሮ አለና ጉዳዩ ባሕር ለሌላት አገራችንም ሩቅ አይደለም።

ከ2,220ው ቶን 38 በመቶው የወጣው ከባህላዊ ወርቅ አምራቾች ነው። ወርቁን በሜርኩሪ አጣብቀው ሜርኩሪውን እሳት ላይ ያተኑታል፤ ትነቱንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚተነፍሰው እሳቱ አጠገብ ያለው ቆፋሪ ነው። ትነቱን አምቆ የሚይዝ ክዳን ያለው ቀላል መሣሪያ አለ። መንግሥታት ገንዘባቸውን እዚያ ላይ ያውሉት፤ ወርቁን የሚገዙት ነጋዴዎችም ወጪውን ይጋሩ።